አፈር፣ ከሰል፣ ቅጠል፦ በተፈጥሮ ቁሶች መሳል በቅድመ መደበኛ ትምህርት



 የዛሬው ርእሴ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል፤ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት በአፈር፣ በከሰልና በቅጠል ሥዕል ስለ መሳላቸው ነው። ይሁን እንጂ ወደ አንድ ከባድ ጥያቄ ይመራናል፤ ሕፃን ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣው የተዘጋጀውን ለመቀበል ብቻ ነው ወይስ ራሱም ለማዘጋጀት?

የዚህን ፋኩልቲ ተማሪዎች በማስተማር ልምምድ ወቅት ስከታተል ብዙ የኦ ክፍሎችን አይቻለሁ። ግድግዳቸው ላይ የፊደል ገበታና የቁጥር ሠንጠረዥ ይሰቀላል። የልጆች ሥዕል ካለም አብዛኛውን ጊዜ ታትሞ የተሰጠና በቀይ እርሳስ የተሞላ አንድ ዓይነት ፖም ነው። ለምን ሌላ ሥዕል እንደማይሠሩ ስጠይቅ መልሱ አጭር ነው፤ «ቀለም የለንም»። መልሱ እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣው የቅድመ መደበኛ ትምህርት ፖሊሲ ማዕቀፍ ወዲህ የተስፋፋው ኦ ክፍል በብዙ ቦታ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የተጠጋ ነው፤ ለቀለምና ለብሩሽ የሚተርፍ ገንዘብ እምብዛም አይገኝም። ነገር ግን ቁም ሣጥናቸው በቀለም የተሞላ መዋዕለ ሕፃናትም ያንኑ ፖም ሲያስቀቡ አይቻለሁ። ስለዚህ ዋናው ችግር የቀለም እጦት አይመስለኝም። ዋናው ችግር ሕፃኑ ከመነሻው እስከ መድረሻው የራሱ የሆነ ነገር አለመሥራቱ ነው።

ይህን ነገር ቀድመው ያስተዋሉ ምሁራን አሉ። የኦስትሪያ ተወላጁ ቪክቶር ሎዌንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው ስለ ፈጠራና ስለ አእምሮ ዕድገት በሚናገረው መጽሐፉ የታተመ ሥዕል ማስቀባትን አጥብቆ ተቃውሟል። ሕፃኑ በራሱ እጅ እንዳይተማመንና የሌላ ሰው መስመር ጠባቂ እንዲሆን ያደርገዋል ይላል። በእርሱ አከፋፈል ከሁለት እስከ አራት ዓመት ያለ ልጅ በመሞነጫጨር ደረጃ ላይ ነው፤ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ደግሞ የሚያውቀውን ነገር የሚወክሉ ቅርጾችን መፍጠር ይጀምራል። እንግዲህ ኦ ክፍል የምናገኘው ልጅ የራሱን ቅርጽ በሚፈልግበት ወቅት ላይ ያለ ልጅ ነው። እኛ ግን ያለቀለት ፖም እንሰጠዋለን።

ቀለምን ከአካባቢ ማዘጋጀት ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸትና ከዕፅዋት አዘጋጅተው፣ ብርዑን ከመቃ ቀርጸው ጽፈዋል፤ ቅዱሳት ስሞችንም በቀይ ለይተዋል። እናቶቻችን እጅና እግራቸውን በእንሶስላ አስውበዋል። ልጆችም በእንቁጣጣሽ የሣሉትን ሥዕል ይዘው ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። በዓመት አንድ ቀን የልጅን ሥዕል እጃችንን ዘርግተን የምንቀበል ሰዎች በቀሩት ቀናት ክፍሉን ለታተመ ፖም መተዋችን ያስገርመኛል።

አሁን ወደ ተግባሩ ልግባ። እኔ የምመክረው ሥራ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ አይደለም፤ ሦስት ቀን ይፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ከግቢው ቀይ አፈር፣ ቡናማ አፈርና ጥቁር ዋልካ ይሰበስባሉ፤ ከሰልና ለምለም ቅጠልም ይጨምራሉ። በሁለተኛው ቀን የደረቀውን አፈር በድንጋይ ይፈጫሉ፤ መምህርቷ አቧራው እንዳይበን እያስተዋለች በስስ ጨርቅ ታጠልለዋለች። በሦስተኛው ቀን በውኃ ይበጠብጡታል። በውኃ ብቻ የተበጠበጠ አፈር ሲደርቅ ከወረቀቱ ይረግፋል፤ ለብ ባለ ውኃ የሟሟ የግራር ሙጫ ሲገባበት ግን ይይዛል። መምህርቷ ይህን አስቀድማ ባትናገር እመርጣለሁ። ሁለቱንም ዓይነት ይሞክሩ፤ በማግሥቱ አንዱ ሥዕል ረግፎ ሌላው ጸንቶ ሲያገኙት «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ከራሳቸው ይመጣል። ለብሩሽ የመፋቂያ እንጨት ጫፉን በድንጋይ ቀጥቅጦ ማፍተልተል ይበቃል። ለወረቀት የካርቶን ገጽ ወይም የአሮጌ ፈተና ጀርባ ያገለግላል።

በዚህ ሂደት ልጁ ምን ይማራል? ወላጆች «ልጄ ፊደል ይቁጠር እንጂ ጭቃ ለማቡካት አልላክሁትም» ሲሉ እንሰማለን፤ መልስ ልንሰጣቸው ይገባል። ጠጠር የሚፈጭ፣ እንጨት ይዞ መስመር የሚስብ እጅ እርሳስ ለመያዝ እየተዘጋጀ ነው። «ሻካራ»፣ «ልም»፣ «ወፍራም»፣ «ቀጭን» እያለ የሚከራከር ልጅ ቋንቋውን እያሰፋ ነው። የቅጠሉ አረንጓዴ ከቀናት በኋላ ሲጠወልግ የቀዩ አፈር ቀለም ግን እንዳለ መቆየቱን ያየ ልጅ ማነጻጸርን ተምሯል። የአፈሩ ቅላት ከብረት ኦክሳይድ የመጣ መሆኑን በሌላ ክፍል ይማረዋል፤ ነገሩን ግን ቀድሞ በጣቱ ያውቀዋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። የመጀመሪያው «የተፈጥሮ ነው» ማለት «አይጎዳም» ማለት አለመሆኑ ነው። የጉሎ ፍሬ፣ አስተናግርና እንዶድ መርዝነት አላቸው፤ የቁልቋል ወተት ዓይን ይጎዳል፤ በርበሬም በሕፃን እጅ ወደ ዓይን መግባቱ አይቀርም። ጥቁር ሰሌዳ ለማጥቆር ያገለግል የነበረው የባትሪ ድንጋይ ዱቄትም ለሕፃን ፈጽሞ አይሰጥም። አፈሩ ቆሻሻ ከሚጣልበትና ከብት ከሚውልበት ስፍራ መወሰድ የለበትም፤ ከሥራው በኋላም እጅ በሳሙና ይታጠባል።

ሁለተኛው የእህል ጉዳይ ነው። በውጭ አገር የተዘጋጁ መመሪያዎች ዱቄትን፣ እንቁላልንና ሩዝን እንደ ሥዕል ቁስ ሲዘረዝሩ እናያለን። ቁርስ ሳይበላ የመጣ ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ዱቄት በጥብጦ ማስቀባት በእኔ እምነት ነውር ነው። እህል በሚከበርበት ኅብረተሰብ ውስጥ ልጁ ከቤቱ የተማረውን ሥርዓት ትምህርት ቤት ሊያፈርስበት አይገባም። ከጀበና የተደፋ የቡና አተላ ግን ይፈቀዳል፤ አገልግሎቱን ጨርሷልና። መምህርቷ አንድ ቁንጣሪ እርድ በውኃ በጥብጣ፣ የአመድ ውኃ ጠብ አድርጋበት፣ ብጫው ወደ ቀይ ቡናማ ሲለወጥ ብታሳይም አልቃወምም። የአመድ ውኃ ቆዳ ስለሚያቃጥል ግን በእርሷ እጅ ብቻ ይሁን።

«ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ይህ እንዴት ይሆናል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ስልሳውን በአንድ ጊዜ ማሠራት አይቻልም። አሥር አሥር አድርጎ በየተራ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ማሠራት ግን ይቻላል፤ ለአንድ ቡድን አንድ ጣሳ ውኃ ይበቃል። መምህርቷ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጋት ትዕግሥት ነው፤ «ይህ ምንድን ነው?» ከማለት ይልቅ «እንዴት እንደ ሠራኸው ንገረኝ» ብላ ለመጠየቅና መልሱን ለመስማት።

ስለዚህ ለፋኩልቲያችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የቅድመ መደበኛ ዕጩ መምህራን ለልምምድ ከመውጣታቸው በፊት በተመደቡበት አካባቢ ከሚገኝ አፈርና ዕፅ ቢያንስ አምስት ቀለሞችን በገዛ እጃቸው ያዘጋጁ፤ የትኛው ደኅና፣ የትኛው ጎጂ እንደሆነም ለይተው ይመዝግቡ። በምዘናውም የተማሪዎቻችን ውጤት በግድግዳ ላይ በተሰቀለው ሥዕል ማማር አይለካ፤ ልጆቹ ስለ ሥራቸው በሚናገሩት ይለካ። በጀት እስኪመጣ የምንጠቀምበት ማካካሻ አድርገን ካየነው ግን ቀለሙ የተገዛ ዕለት እንተወዋለን፤ ልጁም ወደ ታተመው ፖም ይመለሳል።