ሐረር ብቻዬን የዋልኩበት ቀን

እህቶቼ፣ ለሥራ ሐረር ሄጄ አንድ ቀን ተረፈኝና ጀጎልን ልዞር ወጣሁ። የሆቴሉ ልጅ «ከማን ጋር ነሽ?» አለኝ። «ብቻዬን» አልኩት። በሸዋ በር ገብቼ መኪና ግርግር ደረስኩ፤ ስሙን ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ያገኘ የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው። ከዚያ በጠባቦቹ መንገዶች ውስጥ ጠፋሁ፤ ከአምስቱ በሮች አንዱንም ማግኘት አቃተኝ።

አንዲት እናት ደጃፋቸው ላይ ሞሰብ ይሰፋሉ። መንገድ ልጠይቅ ቀርቤ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ያለቀውን ሞሰብ ዋጋ መከራከር ጀመርኩ። «ስንት ጊዜ ፈጀብዎ?» ስላቸው «ሁለት ወር» አሉኝ። ዋጋውን በልቤ ለስልሳ ቀን አካፈልኩት፤ የአንድ ማኪያቶ አልሞላም። የጠሩትን ከፈልኩ። በሩንም አሳዩኝ።

ተመልሼ የማኅበራችንን መዝገብ ገለጥኩ። ስንደዶው አለ፣ ቀለሙ አለ፤ የእጅ ዋጋ የሚል መስመር የለም። መዝገቡን የምይዘው ደግሞ እኔው ነኝ። ከመጪው ወር ጀምሮ ስፌት የምታመጡ ሁሉ የሠራችሁበትን ሰዓት ንገሩኝ።