ለቀማ መቼ ጨዋታ ይሆናል? በኦንላይን የሚና ጌሞች ውስጥ ስለ ጥሬ ሀብት መሰብሰብ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ከቀረበው ንግግር የድምፅ ቅጂ የተጻፈ)



የንግግሬን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያየ አንድ ባልደረባዬ «ለመሆኑ በጌም ውስጥ እንጨት ስለ መቁረጥ ይህን ያህል የሚያናግር ነገር አለ?» ሲል ጠይቆኝ ነበር። እኔ በዚህ እንጨት ቆረጣ ያጠፋሁትን ጊዜና ገንዘብ ቢያውቅ ኖሮ ጥያቄውን በሌላ መንገድ ባቀረበው ነበር።

ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ ከግቢያችን አጠገብ በነበረ አንድ ኢንተርኔት ቤት ሩንስኬፕ የተባለውን ጌም እጫወት ነበር። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝ አገር የተጀመረ ሲሆን፣ ተራ ኮምፒውተር ላይ በብራውዘር የሚከፈት በመሆኑ ለእኛ ዓይነቱ ደካማ መስመር ይመች ነበር። ዛፉን በማውስ እነካለሁ፤ ገጸ ባሕርዬ መጥረቢያውን ያነሣል፤ እጠብቃለሁ፤ ግንዱ ሲገኝ ወደ ሌላ ዛፍ እሄዳለሁ። የኢንተርኔት ቤቱ ሒሳብ ደግሞ በደቂቃ ነበር። ስለዚህ ሌላው ዓለም ያሉ ተጫዋቾች የማያውቁትን አንድ ነገር አውቅ ነበር፦ እያንዳንዱ ግንድ ስንት ሳንቲም እንደ ፈጀብኝ። አንድ ምሽት የሦስት ሰዓት ሒሳብ ከፍዬ ስወጣ፣ ከሦስት ሰዓት በፊት ያላወቅሁትን ምን ዐወቅሁ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። መልስ አላገኘሁም። የጨመረው ደረጃዬን የሚያሳየው ቁጥር ብቻ ነበር። ያም ቁጥር ቢሆን እንዴት እንደሚጨምር ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፦ በዚያን ጊዜ በሩንስኬፕ የአንድ ሙያ የመጨረሻ ደረጃ 99 ሲሆን፣ የሚጠይቀው ነጥብ 13,034,431 ነበር። የዚህ ግማሽ ላይ የሚደርሰው ግን ደረጃ 49 ወይም 50 ላይ ያለ ሰው አይደለም፤ 92 ላይ የደረሰ ነው።

የዛሬው ንግግሬ ከዚያ ምሽት ጥያቄ የተነሣ ነው። ብዙ ሺህ ሰዎች በአንድ ዓለም ውስጥ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ወክለው በሚኖሩባቸው በእነዚህ የሚና ጌሞች ማዕድን መቆፈር፣ ቅጠል መቅጠፍ፣ ዓሣ ማጥመድ፣ ቆዳ መግፈፍ የኢኮኖሚው መሠረት ነው። ሰይፉም፣ መድኃኒቱም፣ ቤቱም የሚሠራው ከዚያ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ቃል «ለቀማ» እያልሁ እጠራዋለሁ። ለቀማ በብዙ ጌሞች የሚጠላ ሥራ ነው፤ ተጫዋቹ ወደሚወደው ነገር ለመድረስ የሚከፍለው ግብር ሆኗል። ይህ መሆን የለበትም እላለሁ። ለቀማን አስደሳች የሚያደርገው የሽልማቱ ብዛት ወይም የእጅ እንቅስቃሴው ውስብስብነት ሳይሆን፣ ለቃሚው ስለ ዓለሙ ማወቅ ያለበት ነገር መኖሩ ነው።

አስቀድሜ የተለመዱትን መድኃኒቶች ላንሣ። የመጀመሪያው አልፎ አልፎ፣ በዘፈቀደ፣ ከተራው ድንጋይ መካከል አንድ ዕንቁ መጣል ነው። ይህ መድኃኒት ይሠራል፤ ችግሩም ይኸው ነው። ፈርስተርና ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተሙት ሥራቸው እንዳሳዩት፣ ምግቡ በስንተኛው ምት እንደሚመጣ የማታውቅ ርግብ ቁልፉን በምንቃሯ ሳትታክት ትመታለች። ርግቧ ደስ ብሏታል ማለት ግን አይደለም። ተጫዋች ከወንበሩ አለመነሣቱንና መደሰቱን አንድ አድርጎ የሚቆጥር ንድፍ አውጪ በቁጥር ሠንጠረዡ ላይ ጥሩ ውጤት ያያል፤ ከኢንተርኔት ቤቱ የወጣውን ልጅ ግን አያየውም።

ሁለተኛው መድኃኒት በእያንዳንዱ ቁፋሮ ላይ ትንሽ የቅልጥፍና ጨዋታ መጨመር ነው፦ ቀስቱ አረንጓዴው መስመር ላይ ሲደርስ ቁልፉን ተጫን፣ የመሳሰለው። በእኔ ፍርድ ይህ ከመጀመሪያው ይከፋል። ለመጀመሪያዎቹ አሥር ጊዜያት ያዝናናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ያው አሰልቺ ሥራ ሆኖ ሳለ ዐይንንና እጅን ጭምር ይይዛል። ራፍ ኮስተር እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው «ኤ ቲዎሪ ኦቭ ፈን ፎር ጌም ዲዛይን» በተሰኘ መጽሐፉ የጨዋታ ደስታ መማር ነው፤ አእምሮ የነገሩን ሥርዐት ጨርሶ ሲረዳ ይሰለቻል ይላል። የአረንጓዴው መስመር ሥርዐት በአምስት ደቂቃ ተምሮ ያልቃል።

ኮስተር ይህን ያለው በወንበር ተቀምጦ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2003 በአሜሪካ የወጣው ስታር ዋርስ ጋላክሲስ በእሱ የፈጠራ ኀላፊነት የተሠራ ጌም ነው። በዚህ ጌም ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ለቀማን በተመለከተ ከዚያ ወዲህም ብዙ የሚተካከለው አላየሁም።

በስታር ዋርስ ጋላክሲስ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት የሆነ «ብረት» አልነበረም። ሰርቨሩ በየጊዜው አዲስ የማዕድን፣ የጋዝ፣ የእህል፣ የቆዳ ክምችት ይፈጥራል፤ ለእያንዳንዱም የራሱን ስም ያወጣለታል፤ ጠባዩን ደግሞ በቁጥር ይወስናል። ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ዐቅሙ፣ ሙቀትን የመቋቋም ዐቅሙ፣ ቅርጽ የመቀበል ዐቅሙ፣ አጠቃላይ ጥራቱ እስከ 1000 በሚደርስ ሚዛን ይለካሉ። ክምችቱ ለተወሰኑ ቀናት ይቆይና ይጠፋል፤ ከጠፋም ያው ክምችት ተመልሶ አይመጣም። ለመሣሪያ ሠሪ የሚበጀው ጠባይ ለመድኃኒት ቀማሚ ከሚበጀው ይለያል። በጥሩ ክምችት የተሠራ ዕቃ ከሌላው ይበልጣል፤ ስለዚህ የሠሪው ስም በገበያ ይጠራል።

ፍለጋው እንዲህ ነበር። ጌሙ ሲጀመር ከነበሩት አሥር ፕላኔቶች በአንዱ ትወርዳላችሁ። የመመርመሪያ መሣሪያችሁን ስታወጡ በዙሪያችሁ ያለው ምድር በመቶኛ እየተከፋፈለ ይታያችኋል፦ እዚህ ጋ ዐሥራ አምስት፣ ከወንዙ ማዶ አርባ። ወደ ማዶ ትሻገራላችሁ፤ እንደ ገና ትመረምራላችሁ። ቁጥሩ ከፍ ይልና ኮረብታው ላይ ስትደርሱ ይወርዳል። ጫፉን አልፋችሁታልና ትመለሳላችሁ። ምርጡን ቦታ ካገኛችሁ በኋላ መቆፈሪያ ማሽን ትተክላላችሁ፤ ኃይሉንና የጥገናውን ክፍያ ሞልታችሁላት ትሄዳላችሁ፤ ተኝታችሁ ሳለም ይቆፍራል።

እዚህ ላይ የሆነውን አስተውሉ። አሰልቺውን የጡንቻ ሥራ ማሽን ወሰደው፤ ለሰውየው የቀረለት የት፣ መቼና የትኛውን የሚለው ነው። ሌሎች ጌሞች ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋሉ፦ የብረቱን ቦታ በካርታ ላይ በነጥብ ያሳያሉ፤ ለሰውየው ድንጋዩን መምታቱን ይተዉለታል።

ጉድለቱን ግን አልሸሽግም። ያ ምርጥ ክምችት ተመልሶ አይመጣም ማለት ቀድሞ መጋዘኑን የሞላ ሰው ከእርሱ በኋላ በመጣው ላይ ለወራት ይበልጣል ማለት ነው። ተጫዋቾቹም የክምችቶቹን ዝርዝር በየቀኑ የሚመዘግቡ ድረ ገጾች አቋቋሙ፤ ብዙ ሰው እየዞረ ከመፈለግ ይልቅ ዝርዝሩን ማንበብ ጀመረ። ምድሩ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ግን ዝርዝሩም ቶሎ ያረጅ ነበር፤ አንድ ሰው ወጥቶ መመርመር ነበረበት። ከዚህ የሚከብደው ወቀሳ የኒክ ዪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በጻፈው ጽሑፍ የዚሁን ጌም መድኃኒት አምራቾች ምሳሌ አድርጎ፣ ሰዎች ከሥራ ውለው ገብተው ሌላ ሥራ እንደሚሠሩ፣ ለዚያውም እየከፈሉ እንደሚሠሩ አሳይቷል። ልክ ነው። ቢሆንም ሥራ መምሰሉ ብቻውን ነውር አይመስለኝም። ዕውቀቱ እያደገ የሚሄድ ሙያተኛና ዕቃ ሲቆጥር የሚውል ሠራተኛ ሁለቱም ደክመው ይገባሉ፤ ድካማቸው ግን አንድ አይደለም። ጌሙ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 15 ቀን 2011 ተዘግቷል፤ ሆኖም አፍቃሪዎቹ ዛሬም በራሳቸው ሰርቨሮች ያንቀሳቅሱታል።

ስለ ሌላው ሰው፣ ስለ ጎረቤት ለቃሚው፣ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ወርልድ ኦቭ ዋርክራፍት ውስጥ ማዕድኑ በመጀመሪያ ጊዜ የቀደመው ሰው ነበር። አውሬ እየተዋጋችሁ ወደ ድንጋዩ ስትጠጉ፣ ሌላው በጎናችሁ አልፎ ይወስደዋል። በዚህ የተነሣ በሜዳ ላይ ሌላ ሰው ማየት መጥፎ ዜና ሆነ፤ ሰው ለመገናኘት በተሠራ ዓለም ውስጥ! እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጊልድ ዋርስ 2 መፍትሔውን በአንድ ውሳኔ ሰጠ፤ እያንዳንዱ ማዕድን ለእያንዳንዱ ተጫዋች ለየብቻው አለ፤ የእናንተ መውሰድ የእኔን አይቀንስም።

ፋይናል ፋንታሲ 14 ከዚህም አንድ እርምጃ ሄደ። በዚህ የጃፓን ጌም ማዕድን ቆፋሪ፣ ዕፅዋት ለቃሚና ዓሣ አጥማጅ ራሳቸውን የቻሉ ሙያዎች ናቸው፤ የራሳቸው ልብስ፣ መሣሪያና ደረጃ አላቸው። የጌሙ አንድ ቀን በእኛ ሰዓት 70 ደቂቃ ሲሆን፣ አንዳንዱ ማዕድን በተወሰነ ሰዓት ብቻ ይወጣል፤ አንዳንዱ ዓሣ የተወሰነ የአየር ጠባይ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የባሕር ጉዞ ተጨመረ። በየሁለት ሰዓቱ እስከ 24 ሰው የምትጭን መርከብ ትነሣለች። በጉዞው መካከል ከተሳፋሪዎቹ አንዱ አንድ የተለየ ዓሣ ሲይዝ የባሕሩ ቀለም ይለወጣል፤ ለሁሉም፣ መንጠቆው ባዶ ለሆነው ጭምር፣ የተትረፈረፈው ሰዓት ይከፈታል። ደቦ ለሚያውቅ አገር ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም። አጨዳው ያው አጨዳ ነው፤ ብቻውን የሚያጭድና በደቦ የሚያጭድ ሰው ግን የሚውሉት ውሎ ይለያያል።

አሁን ያልሁትን የሚቃወም አንድ ነገር ራሴ ላቅርብ። ሩንስኬፕ ይኸው እስከ ዛሬ አለ፤ ዛፉን የሚቆርጡትም ብዙዎች ናቸው። ከነርሱ መካከል ለማረፍ የሚገባ ሞልቷል። እናቴ ጥጥ ስትፈትል ትዝ ይለኛል። እንዝርቷ ይሽከረከራል፤ እጇ ሥራውን ያውቀዋል፤ አፏና ጆሯቸው ከጎረቤቶቿ ጋር ናቸው። ፈተላው አስደሳች እንዲሆን በየደቂቃው የቅልጥፍና ፈተና ቢጨመርበት ኖሮ ወሬው ይቋረጥ ነበር። እኔም በዚያ ኢንተርኔት ቤት ከዛፉ ሥር ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ያወራሁት ከግንዱ ይልቅ በአእምሮዬ ቀርቷል። ሩንስኬፕ በአንድ ወቅት፣ በፕሮግራም የሚቆርጡትን ቦቶች ለመያዝ፣ በሥራ መካከል ድንገተኛ ክሥተቶችን ይልክ ነበር፤ ለእኔ ያተረፉልኝ መደናገጥ ነው። ስለዚህ ለቀማው ዝም ያለ እንዲሆን ከመረጣችሁ በእውነት ዝም ያለ ይሁን፤ ሰውየውም ማውራት ይቻለው።

ቦትን ካነሣሁ አይቀር፣ ለእናንተ ለጌም ሠሪዎቹ ጥሩ ሐያሲ ነው እላለሁ። ሃያ መስመር ኮድ ለቀማችሁን ካለ ስሕተት የሚሠራው ከሆነ፣ ለተጫዋቹ የተዋችሁለት ምን እንደሆነ መልሳችሁ መርምሩ። ጉዳዩ የንድፍ ውበት ብቻ አይደለም። ባዶ የሆነ ለቀማ ገንዘብ ያለው የሚሸሸው፣ ገንዘብ የሌለው የሚሠራው ይሆናል። ጁልያን ዲበል እ.ኤ.አ. በ2007 በኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት በቻይና በደመወዝ የጌም ወርቅ ሲለቅሙ ስለሚያድሩ ወጣቶች ጽፏል። ከዚያም በኋላ የቬኔዝዌላ ገንዘብ ዋጋ ሲያጣ፣ የሩንስኬፕን ወርቅ እየለቀሙ በመሸጥ የሚኖሩ ሰዎች እንደነበሩ በሰፊው ተዘግቧል። ለአንዱ መዝናኛ የተባለው፣ ለሌላው የሌሊት ፈረቃ ሆኗል። ገዢው ሥራውን የገዛው ስለጠላው ነው፤ እንዲጠላው ያደረገው ደግሞ ንድፉ ነው።

በዚህ አዳራሽ ካላችሁት መካከል አንዳንዶቻችሁ ለስልክ የሚሆን ጌም እየሠራችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። የእናንተ ተጫዋች እንደኔ በደቂቃ አይከፍልም፤ በሜጋባይት ይከፍላል። ሒሳቡን ያውቃል። የምትሠሩትን ለቀማ ስትሞክሩ ነጥቡን፣ ደረጃውንና ዕንቁውን ለአንድ ቀን አጥፉትና ሰው መልሶ ይገባ እንደሆነ ተመልከቱ። ዐሥረኛው ሰዓት ላይ ያለው ተጫዋች ጀማሪው የማያውቀውን ምን እንደሚያውቅም ጠይቁት፤ «ቁጥሬ ከፍ ብሏል» ካላችሁ ሥራችሁ አላለቀም።

ከዚህ አዳራሽ ውጭ ባለው ቤተ ሙከራ ተማሪዎቼ የሠሯቸው ሁለት የለቀማ ናሙናዎች ተከፍተው ይገኛሉ። በአንዱ ማዕድኑ ካርታው ላይ ይታያል፤ በሌላው ምድሩን ራሳችሁ ማንበብ አለባችሁ። በሁለቱም ነጥብ አይቆጠርም። ከሻይ በኋላ የትኛው ኮምፒውተር ፊት ሰው እንደሚቀር ለማየት እዚያው እቆያለሁ። እስከዚያው ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።