በጎረቤት የጸሎት ቤት እንግዳ ስንሆን

ዛሬ የምንነጋገረው ሁላችንንም ስለሚነካ አንድ ጉዳይ ነው። ይኸውም ከእኛ የተለየ እምነት ያለው ሰው ወደሚጸልይበት ቤት በእንግድነት ስለ መሄድ ነው።

በብዙ ሰፈር ክርስቲያንና ሙስሊም አብረን እንኖራለን። በእድር እንረዳዳለን። ሰው ሲሞትብን ድንኳን አብረን እንተክላለን፤ ንፍሮ አብረን እንቀቅላለን፤ ሐዘንተኛውን አብረን እናጽናናለን። ሠርግ ሲሆንም ለክርስቲያኑ ለብቻ፣ ለሙስሊሙ ለብቻ ይታረዳል እንጂ ደስታው የጋራ ነው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» የምንለው ለዚህ ነው። ነገር ግን አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ መስጊድ ሲያመራ ብዙዎቻችን እደጁ ላይ እግራችን ይያዛል። ሐዘንተኛው ዘወር ብሎ ሲያይ አብሮት ያደገው ጎረቤቱ ከአጥር ውጭ ቀርቷል።

ለመሆኑ ምን ያስቀረናል? ሁለት ነገር እንፈራለን። አንደኛው፣ «ከገባሁ ሃይማኖቴን የለወጥኩ ይመስልብኛል» የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ሥርዓቱን አላውቀውም፤ ባጠፋስ?» የሚለው ነው። ሁለቱንም በየተራ እንያቸው።

ስለ መጀመሪያው ታሪክ የሚነግረን አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ615 ገደማ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ተሰደው ወደ አገራችን መጡ። በእስልምና ታሪክ እንደተመዘገበው፣ ክርስቲያኑ ንጉሥ ስለ እምነታቸው ጠየቃቸው። ከስደተኞቹ አንዱ ጃዕፈር ስለ እመቤታችን ማርያም የሚናገረውን የቁርዓን ክፍል አነበበለት። ንጉሡም በጽሞና አዳመጠ፤ አለቀሰም። ስደተኞቹንም ለጠላቶቻቸው አሳልፎ አልሰጠም። የሌላውን ቅዱስ ቃል መስማቱ ክብሩን አልቀነሰበትም።

ሌላም ታሪክ አለ። በ638 ገደማ ኸሊፋ ዑመር ኢየሩሳሌም በገቡ ጊዜ የጌታ መቃብር የሚገኝበትን ቤተ ክርስቲያን ጎበኙ። ኋላ የእስክንድርያ ፓትርያርክ የሆነ አንድ የታሪክ ጸሐፊ እንደጻፈው፣ የሰላት ሰዓት ሲደርስ እዚያው እንዲሰግዱ ተጋበዙ። እርሳቸው ግን ወጥተው ደጃፉ ላይ ሰገዱ። ውስጥ ቢሰግዱ ተከታዮቻቸው በኋላ ቦታውን ይወስዱት ይሆናል ብለው ስለሰጉ ነው። እንግዲህ ዑመር ቤቱን በእንግድነት አዩ፤ የራሳቸውን ጸሎት በራሳቸው ሥርዓት አደረሱ፤ የባለቤቶቹንም መብት ጠበቁ። የእኛም መንገድ ይህ ሊሆን ይችላል። መጎብኘትና ማምለክ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፍርሃት እንምጣ። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይባላልና ዋናው መድኃኒት መጠየቅ ነው። ከመሄዳችን በፊት የምናውቀውን ጎረቤት፣ «መግባት ይፈቀዳል ወይ? የት ልቁም? ምን ልልበስ?» ብለን እንጠይቅ። የራሳችንን የሃይማኖት አባት ማማከርም ጥሩ ነው።

በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ውስጥ ሲገባ ጫማ ይወለቃል። ቤቱ ሦስት ክፍል አለው፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ይባላሉ። መቅደሱ የካህናትና የዲያቆናት ብቻ ነው። ወንዶችና ሴቶች የሚቆሙበት ቦታ የተለየ ነው። ቅዳሴው ረጅም ስለሆነ ሰው በመቋሚያ ተደግፎ ይቆማል። ቁርባን የሚቀበሉት የተዘጋጁ ምእመናን ብቻ ናቸው። ማማተብና ደጅ መሳለምም የአማኙ ድርሻ ነው፤ እንግዳው እንዲህ አድርግ አይባልም። «ግቢው ውስጥ ቁሙ» ብንባል እንደ ንቀት አንቁጠረው። ከምእመናኑም ስንቶቹ ግቢው ውስጥ ቆመው ያስቀድሱ የለም እንዴ?

በመስጊድም ጫማ ይወለቃል። ሰጋጆቹ አስቀድመው ውዱእ አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ መካ አዙረው በረድፍ ይቆማሉ። እንግዳ ከተፈቀደለት ከበስተኋላ ጸጥ ብሎ ይቀመጣል። በሚሰግድ ሰው ፊት ማቋረጥ ነውር ነው። ዓርብ ዕለት ኹጥባ ሲደረግ ሙስሊሞቹ ራሳቸው አይነጋገሩምና እኛም ዝም እንበል። ሴቶች ፀጉራቸውን ይሸፍናሉ፤ የሚቀመጡበትም ቦታ ለብቻ ነው። በጀናዛ ላይ የሚሰገደው ሰላት ደግሞ ማጎንበስና በግንባር መደፋት የለበትም፤ በቁም የሚደረግ አጭር ጸሎት ነው። ይህን ያላወቀ እንግዳ «ገና ሳይጀመር አለቀ» ብሎ ይገረም ይሆናል።

በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አብዛኛውን ጊዜ ሰው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። መዝሙር ይዘመራል፤ ስብከት ይሰበካል። መባ ሲሰበሰብ እንግዳ የግድ መስጠት የለበትም። የጌታ እራት ሲቀርብም የአማኞቹ ነውና ዝም ብሎ ማሳለፍ ነው።

በሁሉም ዘንድ የሚሠራ ነገርም አለ። አንሳቅ፤ አናሾክሹክ፤ ክርክር አናንሳ። የእጅ ስልካችንን እንዝጋ፤ ሳናስፈቅድ ፎቶግራፍ አናንሳ። የማናምንበትን የምናምን መስለን አንታይ። የሚያስመስል እንግዳ ራሱንም ባለቤቱንም ያታልላል።

ባለቤቱም ግዴታ አለበት። እንግዳ ሲመጣ የሚቆምበትን ቦታ ያሳየው፤ የማያውቀውን በለሆሳስ ያስረዳው። «እንግዲህ መጥተሃልና የእኛ ሁን» ብሎ ግን አያስጨንቀው። ሐዘን ሊደርስ የመጣን ሰው እንዲህ ማለት ደግሞ እንዳይመጣ መከልከል ነው።

ይህን ሁሉ የምንለው ለወግ ብቻ አይደለም። የማያውቁት ቤት ብዙ ይወራበታል። «እዚያ ውስጥ ስለ እኛ ክፉ ይባላል፤ እንዲህም ይደረጋል» የሚል ወሬ ሰፈር ሲያዳርስ ማን ያርመዋል? ገብቶ ያየ ሰው ብቻ «እኔ ነበርኩ፤ የሰማሁት ጸሎት ነው» ሊል ይችላል። እንዲህ ያለ አንድ ምስክር በክፉ ቀን ሰፈርን ከጠብ ያድናል።

ቃላቱን ልብ ብለን ብናዳምጥ እንኳ ዝምድናውን እናገኘዋለን። ጸሎትና ሰላት ዘመዳሞች ናቸው። መስጊድ የሚለውም ቃል ከስግደት ጋር አንድ ሥር አለው። ቤተ እስራኤላውያንም በአገራችን ሳሉ የጸሎት ቤታቸውን መስጊድ ይሉት ነበር።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነት ጠይቀው ሰልፍ ሲወጡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰልፈው ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 27 የእምነትን ነጻነት ደንግጓል። ሕጉ መብታችንን ይጠብቅልናል፤ መተዋወቁ ግን የራሳችን ሥራ ነው።

ስለዚህ ወደፊት የጎረቤታችን አስከሬን ወደ ጸሎት ቤቱ ሲያመራ እደጁ ላይ አንመለስ። እንጠይቅ፤ ከተፈቀደልን እንግባ። ካልተፈቀደልን ጸሎቱ እስኪያልቅ እዚያው ግቢው ውስጥ እንጠብቅ። ሐዘንተኛው ሲወጣ እንዲያገኘን።