ላሟ መቼ ትወልዳለች?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዋዜማ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ሌሎች ጓደኞቼ ስለ ጠፈርና ስለ ሥልጣኔ ከተናገሩ በኋላ እኔ ስለ ላም ምጥ ለመናገር መነሣቴ አንዳንዶቻችሁን ሳያስቅ አልቀረም። ይሁን እንጂ በዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው ተማሪዎች መካከል ደብተሩና ጫማው በወተትና በቅቤ ዋጋ የተገዛለት ጥቂት አይደለም። ላም ሌሊት ያለ ጠባቂ ወልዳ ጥጃዋ ቢሞትባት፣ የሀገራችን ላም ብዙ ጊዜ ወተቷን ትከለክላለች፤ በዚያ ቤት ያሉ ልጆችም ዓመቱን ሙሉ የሚጐድልባቸውን ያውቁታል።

ላም ኮርማ ከጠቃት ቀን አንሥቶ እስክትወልድ ድረስ በአማካይ 283 ቀን ትቈያለች። ቍጥሩ ግን ለሁሉም አንድ አይደለም። ሆልስታይን የሚባለው የፈረንጅ ዝርያ 279 ቀን ገደማ ሲሆን፣ ባለ ሻኛ የሆኑት ከብቶቻችን ጥቂት ቀናት ይጨምራሉ። ወንድ ጥጃ ከሴቷ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይዘገያል፤ መንታ ደግሞ ሳምንት ያህል ይቀድማል። ስለዚህ በመቍጠር የሚገኘው ሳምንቱ እንጂ ሰዓቱ አይደለም።

ደግሞም ለመቍጠር መነሻው ቀን መታወቅ አለበት። ኮርማው ከመንጋው ጋር በሚውልበት ቦታ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እረኛው ልጅ ያየውን ቢናገር ትልቅ ነገር ነው። ላሟ ከተጠቃች በኋላ በ21 ቀን ገደማ እንደገና ኮርማ ካልፈለገች ክብድ ናት ተብላ ትገመታለች።

የዘመን አቈጣጠራችን ለዚህ ሥራ እጅግ የተመቸ ነው። ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለ ሆኑ በዘጠኝ ወር ላይ 13 ቀን መጨመር ብቻ ይበቃል። መስከረም 5 የተጠቃች ላም ሰኔ 18 ትጠበቃለች። ኅዳር ካለፈ በኋላ የተጠቃች ግን ጳጉሜ በመካከል ስለምትገባ የሚጨመረው 13 ሳይሆን 8 ቀን ነው፤ ጳጉሜ ስድስት ቀን በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 7። ይህችን ትንሽ ወር የረሳ ሰው ምን እንደሚያገኘው እኔ ራሴ ምስክር ነኝ።

ቡሬ የምትባለውን ከፈረንጅ ዝርያ የተዳቀለች ላማችንን ኮርማ የጠቃት በ2016 ዓ.ም. በከተራ ዕለት ነበር። እናቴ ቀኑን የያዘችው ታቦት በሚወርድበት ዕለት ስለ ነበረ ነው። እኔም የተማርሁ ነኝና በጥር 10 ላይ ዘጠኝ ወር ከ13 ቀን ጨምሬ «ጥቅምት 23» ብዬ በበረቱ በር ላይ በጠመኔ ጻፍሁ። ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ማታ እናቴ ቡሬን ስታስገባ የጭራዋን ሥር ዳበሰችና «ይህች ላም ሌሊቱን አትዘልቅም» አለች። እኔም «ኧረ እማዬ፣ ገና ስድስት ቀን አላት!» ብዬ ሳቅሁ። እርሷም «ላሟ የአንተን ጽሕፈት አላነበበች፤ ልጄ» ብላ ጋቢዋን ተከናንባ ከበረት አደረች። እኔ ተኛሁ።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትጠራኝ ሽርት ውሃው ከፈሰሰ ቈይቶ ነበር፤ የሚታየውም አፍንጫና አንድ ሰኰና ብቻ ነው። ደኅና ሆኖ የሚመጣ ጥጃ ሁለቱን የፊት እግሮቹን አስቀድሞ አፍንጫውን በላያቸው ያስተኛል፤ የዚህ ግን አንዱ እግር ወደ ኋላ ታጥፏል። ከብት በማዋለድ የታወቁ ጎረቤታችን መጥተው ጥጃውን ወደ ውስጥ መለስ አድርገው እግሩን አቀኑ፤ ከዚያም ላሟ ባማጠች ቍጥር ብቻ እየሳብን አወጣነው። ሴት ጥጃ ነበረች። እናቴ እንደ እኔ ተኝታ ቢሆን ኖሮ ጧት የምናገኘው የሞተ ጥጃ ነበር፤ ምናልባትም ላሟን ጭምር። በማግሥቱ ጳጉሜን አግብቼ እንደገና ብቈጥር ልክ ጥቅምት 18 ሆነ። ቍጥሩ አልዋሸም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

እናቴ በእጅዋ የዳበሰችው ምን እንደ ነበረ ኋላ አሳየችኝ። በጭራው ሥር ግራና ቀኝ እንደ ገመድ የጠነከሩ ጅማቶች አሉ፤ የመውለጃው ሰዓት ሲቃረብ እነዚህ ይላሉና ቦታው ይሰረጉዳል። ግቷ ይሞላል፤ ጡቶቿም በእንገር ተወጥረው ይቆማሉ። ብልቷ ያብጣል፤ እንደ ሙጫ የሚዝለገለግ ፈሳሽም ይታያል። ላሟም ከመንጋው ትለያለች፤ ትነሣለች ትተኛለች። ግት ብቻውን ግን አያሳምንም፤ በተለይ የጊደር ግት ብዙ ቀን አስቀድሞ ሊሞላ ይችላል። ቴርሞሜትር ያለው ሰው ጧትና ማታ ቢለካ የላሟ ሙቀት በመጨረሻው ቀን ከግማሽ እስከ አንድ ዲግሪ ሲወርድ ያገኘዋል።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ፣ የመውለጃውን ጊዜ የሚቈርጠው በማኅፀን ያለው ልጅ መሆኑ ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1960ዎቹ ግራሃም ሊጊንስ የተባለ የኒውዚላንድ ሐኪም በበጎች ላይ መርምሮ ምጥን የሚያስነሣው ከግልገሉ ከራሱ ዕጢዎች የሚወጣ ንጥረ ነገር መሆኑን አሳየ። በላምም እንዲሁ ነው። ጥጃው ሲዘጋጅ ለእናቲቱ ምልክት ይሰጣል፤ ጅማቷም በዚያ ምክንያት ይላላል። እንግዲህ እናቴ በጣቶቿ ስትዳብስ የጥጃዋን መልእክት ታነብ ነበር ማለት ነው።

ሌሊቱን ወደ ቀን ለማዛወር የሚረዳ ዘዴም አለ። በካናዳ በማኒቶባ አውራጃ ኮነፋል የተባለ ከብት አርቢ፣ የከበዱ ላሞች መኖ በመሸ ጊዜ ሲሰጣቸው በብዛት ቀን ቀን እንደሚወልዱ አስተውሏል። ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ሞክረውት ረድቷቸዋል። እኛም ድርቆሹን ለማታ ማቈየት የሚያስወጣን ገንዘብ የለም።

አሁን ቡሬ ዳግመኛ ክብድ ናት። የተጠቃችው ኅዳር 4 ቀን ስለ ሆነ ጳጉሜ አትነካትም፤ ነሐሴ 17 ትጠበቃለች። ወተቷን 60 ቀን አስቀድመን ከሰኔ 17 ጀምሮ እናነጥፋለን፤ ወራቱም ክረምት ነውና የበረቱን ጣራ ከዚያ በፊት መክደን አለብኝ። ቀኑን በበሩ ላይ በጠመኔ ጽፌዋለሁ። ከነሐሴ 7 ጀምሮ ግን በየማታው የጭራዋን ሥር የምንዳብሰው እናቴና እኔ ነን።