አለመጠራት መጠላት አይደለም

አድማጮቻችን፣ መስከረምና ጥቅምት ሲመጡ የቤት ለውጡ፣ የመሥሪያ ቤት ዝውውሩ፣ የዩኒቨርሲቲ ጥሪው ይደራረባል። የሚደወልልን ስልክም መልኩ አንድ ይሆናል፦ «አዲስ ገባሁ፤ እነሱ ግን የቆዩ ጓደኛሞች ናቸው።» ለዛሬ አራት ምክሮች ይዤ መጥቻለሁ። ከዚያ በፊት ግን ከጀሞ የደወሉልን እናት ያሉትን ላንሣ።

እኚህ እናት ኮንዶሚኒየም ተከራይተው ከገቡ ሦስት ወራቸው ነው። ጎረቤቶቻቸው ለዓመታት ቡና ሲጠራሩ የኖሩ ናቸው። ደረጃ ላይ ሲገናኙ ሰላምታው ሞቅ ያለ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚቆላው ቡና ሽታ በራቸው ድረስ ይመጣል። «ኑ፣ ቡና ጠጡ» የሚል ግን የለም። «ምን አድርጌያቸው ነው የጠሉኝ?» ይላሉ።

አልጠሉዎትም! ይህን በየዓመቱ እናገራለሁ፣ በየዓመቱም ይኸው ጥያቄ ይመጣል። አለመጠራት መጠላት አይደለም። የቆየ ስብስብ የሚሄደው በልማድ ነው፤ ማን ይጠራ፣ ማን ይቅር ብሎ የተማከረ ሰው የለም። ልጅቷ «ቡና ደርሷል በያቸው» ተብላ ስትላክ የምታንኳኳው አምና ያንኳኳችውን በር ነው። የእርስዎን በር ገና አልለመደችውም።

ኤሪካ ቡዝቢና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት የማይተዋወቁ ሰዎችን አገናኝተው አጫወቱ። ከዚያ እያንዳንዱን «ያ ሰው ምን ያህል የወደደህ ይመስልሃል?» ብለው ጠየቁ። ብዙዎቹ የገመቱት በእውነት ከተወደዱት ያነሰ ነው። እኛ ቤት ገብተን «ያቺን ነገር ባልተናገርኩ ኖሮ» እያልን ስንብሰለሰል፣ ያኛው ሰው በደህና ጨዋታ ተደስቶ ሄዷል ማለት ነው።

ወደ ምክሮቹ ልገባ ነበር፤ ግን እኚሁ እናት «ቤቴ የኮሪደሩ ጥግ ላይ ነው» ያሉት ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ሊዮን ፌስቲንገርና ሁለት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1950 ያወጡት፣ እኔ በጣም የምወደው ጥናት አለ። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ለባለትዳር ተማሪዎቹ የሰጣቸው ባለ ሁለት ፎቅ ቤቶች ነበሩ። ነዋሪዎቹን «የምትቀራረቡት ከማን ጋር ነው?» ብለው ጠየቋቸው። በር ለበር ከሚጎራበቱት 41 በመቶ ያህሉ እርስ በርስ ተጠራሩ። በመካከላቸው አንድ ቤት ሲገባ ቁጥሩ ወደ 22 ወረደ፤ በኮሪደሩ ጫፍና ጫፍ ላሉት ደግሞ 10 ብቻ ሆነ። ርቀቱ እኮ ከጀሞ ሰሚት አይደለም፤ ያው አንድ ኮሪደር ነው! ይባስ ብሎ፣ ታች ቤት ሆነው ደረጃው ሥር የሚኖሩት ፎቅ ላይም ወዳጅ አፍርተው ተገኙ። ሰው ሁሉ በእነሱ በር ያልፍ ነበርና።

ስለዚህ ጥግ ላይ ያለ ቤት የደረሰው ሰው ጥፋቱ የጠባይ አይደለም፤ ሰው የሚያልፍበት ቦታ ላይ አለመገኘት ነው። እኛም ጋ ደረጃው አለ፣ ልብስ ማስጫው አለ፣ በርበሬ የሚቀመምበት ኮሚናሉ አለ፣ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ጄሪካን ይዞ የሚወረድበት ቧንቧ አለ። እዚያ ይታዩ። ትውውቅ የሚጀምረው እዚያ ነው።

አሁን ደግሞ ትንሽ ልቆጣ ነው። ሌላ ደዋያችን «ትልቅ ኬክና አንድ ሳጥን ለስላሳ ይዤ ሄድኩ፤ አመስግነው ተቀበሉኝ፤ ከዚያ ጭራሽ ራቁኝ» ብለውናል። ምን ያድርጉ ታዲያ? በተራ በሚጠጣ ቡና አንዷ ቆሎ፣ ሌላዋ ፈንድሻ ታቀርባለች። እርስዎ ኬክ ካስቀመጡ ቀጣይዋ ባለተራ በምን ዐይኗ ቆሎ ታቅርብ? ብድሩ ከብዷቸው ነው የሸሹት። እባካችሁ፣ በእነሱ ልክ ግቡ።

ማርታ ፑታላዝና ጆን ጎትማን እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተሙት ጥናት ልጆች ከሚጫወቱ ልጆች ጋር እንዴት እንደሚቀላቀሉ ያሳያል። ስለ ራሱ የሚያወራ፣ ጥያቄ የሚያበዛ፣ የሚቃወም ልጅ ችላ ይባላል። የተያዘውን ጨዋታ አይቶ በዚያው የሚገባው ግን ይቀናዋል። ትልልቆቹም ከዚህ ብዙ አንርቅም። አክስቴ ከደሴ መጥታ አዲስ ሰፈር የገባች ሰሞን ለቅሶ ተደረሰ። ከማንም ጋር አትተዋወቅም። ጓዳ ገብታ «ቢላ የት ነው?» ብቻ አለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ከሽንኩርቱ ፊት ተቀመጠች። ማን እንደሆነች የጠየቋት ወጡ እሳት ላይ ከተጣደ በኋላ ነው። ለመተዋወቅ ብላችሁ ለቅሶ ፈልጉ ማለቴ አይደለም፤ ደግሞ እንዲህ አለች ብላችሁ እንዳትደውሉልኝ! የተያዘ ሥራ ሲኖር እጃችሁን አስገቡ ነው የምለው። እድር እንኳ ደንብ አለው፤ መመዝገቢያውን ከፍሎ አባል ይኮናል። ቡና ላይ ግን መዝጋቢ የለም፤ የሚያስገባው አብሮ መሥራትና ደጋግሞ መታየት ነው።

ባልደረባዬ ከመስታወቱ ወዲያ ሰዓቱን እያሳየኝ ነው። ምክሮቹን በሩጫ ልበል። አንደኛ፣ ሁሉንም በአንዴ ለመያዝ አትሞክሩ፤ አንድ ሰው ያዙ፣ ሌሎቹን እሱ ያመጣል። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያውን ጥሪ «ሥራ አለብኝ» ብላችሁ አትለፉ፤ እናንተ በይሉኝታ ያላችሁት ለእነሱ «አልፈልግም» ሊመስል ይችላል። ሦስተኛ፣ ገብታችሁ ሳትለምዱ አንዷ ስለ ሌላዋ ብታማላችሁ ዳኛ አትሁኑ፤ እነሱ ነገ ይታረቃሉ፣ በመሃል የምትቀሩት እናንተ ናችሁ።

አራተኛው ጊዜ ነው። ጄፍሪ ሆል የተባለ ተመራማሪ እንደገመተው፣ ከትውውቅ ወደ ቀላል ወዳጅነት ለመድረስ አብሮ ወደ 50 ሰዓት መቆየት ይጠይቃል፤ ለጥብቅ ጓደኝነት ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ። በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ሰዓት ቡና ብትጠጡ 50ው ብቻ ግማሽ ዓመት ይፈጃል። በሦስት ወር ተስፋ የቆረጣችሁ ሁሉ፣ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። በሚቀጥለው ሳምንት ትምህርት ቤት ስለቀየሩ ልጆች እንነጋገራለን፤ ወላጆች፣ ጥያቄያችሁን ከመደወላችሁ በፊት መጀመሪያ ልጆቹን ጠይቋቸው።