ጨፌው እስከ መስከረም



በክረምት ማሳው ሁሉ በሰብል ሲያዝ ለከብት የሚተርፈው የወንዝ ዳር ጨፌ ነው። ብዙ የረግረግ ወፎችም ጎጆ የሚሠሩት በዚሁ ወቅት፣ በዚሁ ሣር ውስጥ ነው። ላሙ የተራበችበት ገበሬ ስለ ወፍ ሲነገረው ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ሻሾጎ ወረዳ ያለው የቦዮ ረግረግ ከጉሮሮዋ ሥር ሁለት ሥጋ የሚንጠለጠልባት ትልቋ ክሬን የምትታይበት ነው። ይህች ወፍ አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ጥላ አብዛኛውን ጊዜ የምታሳድገው አንድ ጫጩት ብቻ ነው። ጎጆዋ በኮቴ ከተረገጠ የዓመት ልፋቷ ጠፋ ማለት ነው።

በምዕራብ ሸዋ፣ አዲስ ዓለም አጠገብ በሚገኘው የበርጋ ጨፌ ደግሞ ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጠው ሳሮትሩራ አይሬሲ በክረምት ትፈለፍላለች። እ.ኤ.አ. በ2013 ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ተመድባለች። ነዋሪዎቹ ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር ሆነው የወፍ ወዳጆች ቡድን አቋቁመዋል።

ጨፌው ሁሉ ይዘጋ የሚል የለም። ውሃ የተኛበት ክፍል ብቻ ከሰኔ እስከ መስከረም ቢከለልና ከዚያ ቢታጨድ፣ ድርቆሹ ለበጋ ይሆናል። ለመሃሉ ጊዜ ግን ዩኒየኑ ፉርሽካና ፋጉሎ በዱቤ ማቅረብ አለበት፤ አለበለዚያ ክልከላው ወረቀት ላይ ይቀራል። የሚከለለውን ቦታ እረኞቹ ያሳዩ፤ ጎጆው የት እንዳለ ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም።