ከድብ ጋር ተጎራብተን በተሳቢ ቤት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሁለት ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



እኅትና ወንድም ሆነን ስለ ድብ ልንናገር ስንቆም አንዳንዶቻችሁ ፈገግ እንደምትሉ እናውቃለን። በአገራችን ድብ የለም፤ በመላው አፍሪካም ዛሬ በዱር የሚኖር ድብ የለም። እኛም ብንሆን ድብን የምናውቀው ዳዊት በሳኦል ፊት ቆሞ በጎቹን ከአንበሳና ከድብ ስለ ማዳኑ ሲናገር ከመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ግን በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ የሚኖሩት አጎታችን ወደ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ሲሄዱ እኛንም ስለ ወሰዱን፥ አምስት ሌሊት ድብ በሚዘዋወርበት ጫካ አድረን ተመልሰናል።

የሎውስቶን በ1872 እ.ኤ.አ. የተከለለ ሲሆን የዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ይቆጠራል። ስፋቱ ወደ 9000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አብዛኛው ክፍል በዋዮሚንግ ግዛት፥ ጥቂቱ በሞንታናና በአይዳሆ ይገኛል። ከመሬት እየፈላ ወደ ሰማይ የሚወረወረውን ውሃ የጂኦግራፊ መምህራችን በክፍል ስላስረዱን ወደ ድቡ እንለፍ።

የተጓዝነው በተሳቢ ቤት ነው። ተሳቢ ቤት ማለት ከመኪና ኋላ ተቀጥሎ የሚጎተት፥ አልጋ፥ የጋዝ ምድጃ፥ ማቀዝቀዣና የውሃ በርሜል ያለው ትንሽ ቤት ነው። በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በገደሉ አፋፍ ላይ ቀድሞ እንግዶች ያድሩባቸው የነበሩትን ያዩ ወላጆች ነገሩ አዲስ አይሆንባቸውም። ወደ ፊት ሲጎትቱት ቀላል ነው፤ ችግሩ ወደ ኋላ ሲመልሱት ነው። መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር ተሳቢው ወደ ግራ ይሄዳል። አጎታችን ሲያቆሙት እኛ እንደ አውቶቡስ ረዳት ከኋላ ቆመን «ና፥ ና፥ ና፥ በቃ!» እያልን ስንጮኽ ጎረቤቶቻችን በጣም ሳቁ።

ያረፍንበት ሰፈር ፊሺንግ ብሪጅ ይባላል። ከየሎውስቶን ሐይቅ ወንዙ በሚወጣበት ቦታ፥ በጥድ ጫካ ውስጥ ነው። የሐይቁ ከፍታ 2357 ሜትር ስለ ሆነ ከአዲስ አበባ ጋር እኩያ ነው ማለት ይቻላል፤ ብርዱ ግን በሐምሌም ቢሆን ያንቀጠቅጣል። በዚህ ሰፈር ድንኳን መትከል ክልክል ነው፤ ግድግዳው ሸራ የሆነ ተሳቢም አይገባም። አካባቢው ግሪዝሊ የሚባለው ትልቅ ድብ የሚመላለስበት ስለ ሆነ፥ ጠንካራ ግድግዳ ያለው ብቻ እንዲያድርበት ታዟል። ወንዱ ግሪዝሊ እስከ 300 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። ከጥቁሩ ድብ የሚለየው በትከሻው ላይ ባለው ሻኛ መሰል ጉብታና በረጃጅም ጥፍሮቹ ነው፤ ቀለሙን አይታችሁ ብትፈርዱ ትሳሳታላችሁ፥ ቡናማ የሆነ «ጥቁር ድብ» ሞልቷልና።

ስንገባ የፓርኩ ጠባቂ ወረቀት ሰጥታ ሕጉን ነገረችን። ምግብ ብቻ ሳይሆን ሽታ ያለው ነገር ሁሉ፥ የጥርስ ሳሙናና ያልታጠበ ድስት እንኳ ሳይቀር፥ በማይጠቀሙበት ጊዜ በተሳቢው ወይም በመኪናው ውስጥ መቆለፍ አለበት። የአጎታችን ባለቤት ዶሮ ወጥ ሠርተው፥ በርበሬና ቡና ይዘው ነበርና ደነገጡ። «ቡና ውጭ ብንቆላስ?» ብለው ጠየቁ። ጠባቂዋም «ከአጠገቡ እስካልራቃችሁ ድረስ ይቻላል፤ ሲያልቅ ግን አንድ ፍሬ መሬት ላይ እንዳይቀር» አለች። ስለዚህ በየማታው ቡናው ከተጠጣ በኋላ በባትሪ ብርሃን ፍሬ ስንለቅም እናመሽ ነበር።

በሁለተኛው ቀን አንድ ጎረቤት በረዶ የሚያዝበትን የምግብ ሣጥን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ወደ ሐይቁ ሄደ። ሲመለስ ሣጥኑ የለም፤ በምትኩ ወረቀት አገኘ። የወሰዱት ጠባቂዎቹ ነበሩ። ሰውዬው «ድብ አልመጣ፥ ምን አጠፋሁ?» ብሎ ተቆጣ። እኛም በልባችን ነገሩ የበዛ መስሎን ነበር። በማግስቱ ግን አንድ ሽማግሌ ጠባቂ የፓርኩን ታሪክ ሲያስረዱ ሰምተን አሳባችን ተለወጠ።

ዱሮ በዚያ ፓርክ ድብን መመገብ እንደ ትልቅ መዝናኛ ይቆጠር ነበር። የሆቴሎቹ ትራፊ በሚጣልበት ቦታ መቀመጫ ተሠርቶ፥ ሰዎች እንደ ተመልካች ተደርድረው ግሪዝሊዎች ቆሻሻ ሲበሉ ያዩ ነበር። ይህ ትርኢት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ቢቀርም፥ ጥቁሮቹ ድቦች ከዚያ በኋላም በየመንገዱ ዳር መኪና እያስቆሙ ይለምኑ ነበር። ሕዝቡም ከመስኮት ብስኩት ያጎርሳቸዋል። ውጤቱ ምን ሆነ? ከ1931 እስከ 1969 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ በአማካይ 48 ሰዎች በድብ ቆስለዋል። የለመዱት ድቦችም በብዛት ተገደሉ። በነሐሴ 1967 እ.ኤ.አ. በሌላው በግሌሲየር ብሔራዊ ፓርክ በአንድ ሌሊት፥ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች፥ ሁለት የ19 ዓመት ልጃገረዶች በሁለት የተለያዩ ግሪዝሊዎች ሲገደሉ አገሩ ሁሉ ደነገጠ።

ከዚህ በኋላ ቆሻሻ መጣያዎቹ እንዲዘጉ ተወሰነ። ፍራንክና ጆን ክሬግሄድ የተባሉ፥ በግሪዝሊ አንገት ላይ ሬዲዮ አስረው እርምጃውን በመከታተል የመጀመሪያ የሆኑ ወንድማማች ሊቃውንት፥ «መጣያው ይዘጋ፤ ነገር ግን ቀስ በቀስ ይሁን፥ አለዚያ የተራበው ድብ ወደ ሰፈር ይመጣል» ሲሉ ተከራከሩ። የፓርኩ ሹማምንት ግን ቶሎ መዘጋቱን መረጡ፤ የመጨረሻው በ1970 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። በተከታዮቹ ዓመታት ብዙ ግሪዝሊዎች ሞቱ። በ1975 እ.ኤ.አ. በፓርኩና በዙሪያው የቀሩት ወደ 136 ገደማ እንደ ነበሩ ተገምቷል፤ በዚያው ዓመትም በሕግ ጥበቃ ሥር ገቡ። ዛሬ ቁጥራቸው ወደ 1000 ገደማ ደርሷል፤ በፓርኩ ውስጥ በድብ የሚጎዳ ሰውም በአማካይ በዓመት አንድ ያህል ብቻ ነው። በእኛ አስተያየት ወንድማማቾቹ እውነት ነበራቸው፤ ይሁን እንጂ የመዝጋቱ ጉዳይ ራሱ ትክክል እንደ ነበር እነርሱም አልካዱም።

እንግዳን ማብላት ለእኛ ክብር ነው። ሐረር የሄደ ሰው ማታ ጅብ ሥጋ ሲጎርስ አይቶ ተደንቆ ይመለሳል። ስለዚህ ብስኩት የሚሰጠውን አሜሪካዊ ጨካኝ ነው ለማለት አንደፍርም። ሽማግሌው ጠባቂ ግን ሲያወሩ ድምፃቸው ተለወጠ፤ ሰው የለመደ ድብ በመጨረሻ የሚወድቀው በጠባቂ ጥይት ነውና።

በአራተኛው ቀን ሄይደን በሚባለው ሸለቆ መኪናዎች ቆመው አየን። አንዲት ግሪዝሊ ከሁለት ግልገሎቿ ጋር ሜዳውን እየቆፈረች ሥር ታወጣለች። ከመጨረሻዎቹ የቆሻሻ መጣያዎች አንዱ የነበረው በዚሁ ሸለቆ ነው። አሁን ምግቧ ሥር፥ ሣር፥ የጥድ ፍሬ፥ ዓሣና የአጋዘን ግልገል ነው፤ በከፍተኛ ተራራ ላይ ግሪዝሊ በአንድ ቀን እስከ 40000 የእሳት ራት ሊበላ ይችላል ቢባል ማን ያምናል? ሕጉ ከድብና ከተኩላ ቢያንስ 91 ሜትር መራቅ ስለሚያዝ፥ አጎታችን በእጃቸው ያዙን። የታናሿ የአጎታችን ልጅ «ትራባለች፥ ዳቦ እንስጣት» ብላ አለቀሰች። እናቷም «ተዪ ልጄ፥ ቤቷ ነው፤ እኛ ነን እንግዶቹ» አሏት።

በእግር ስንሄድ በወገባችን የምንይዘው በቆርቆሮ የታሸገ የሚረጭ ነገር ነበር። የሚያቃጥለው ከበርበሬ የሚገኘው ያው ቅመም ነው፤ የአጎታችን ባለቤት ይህን ሲሰሙ «እኛስ ከቤት ይዘን መጥተን ነበር» ብለው አሳቁን። በአውሮፕላን መያዝ ስለማይፈቀድ እዚያው ይገዛል። ድብ ካጋጠመ መሮጥ አይገባም፤ ግሪዝሊ በሰዓት እስከ 56 ኪሎ ሜትር ይሮጣልና። ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ማፈግፈግ፥ ከተጠጋም መርጨት ነው። እኛ አልረጨንም፥ ምስጋና ለእግዚአብሔር።

ፎቶግራፎቻችንን ከአዳራሹ በስተቀኝ ባለው ሠሌዳ ላይ ለጥፈናል። ድቢቱ በሦስተኛው ሥዕል ላይ ናት፤ ከርቀት ስለ ተነሣች ጥቁር ነጥብ ብቻ ሆና ትታያችኋለች፤ ከጎኗ ያሉት ሁለቱ ትናንሽ ነጥቦች ግልገሎቿ ናቸው።